የተወለወለው ዘንግ

በደብረ ብርሃን ቀን የሚጀምረው በካልሲ ነው። ሰው ከአልጋው ሲወርድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሳያጠልቅ ወለል አይረግጥም። ከረገጠ ግድግዳው ይሰማል፣ ከቤተሰቡ የዕለት የድምፅ ድርሻ ላይም ይቀነሳል። ድስቱ ጎማ ለብሷል፣ ማንኪያው እንጨት ነው፣ በሩ ቀስ ብሎ ራሱን ይዘጋል። አውራ ዶሮ የሚባል ነገር ከከተማዋ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሟሟቱንም የሚያስታውስ የለም። ልጆች በሹክሹክታ ይጣላሉ፣ በሹክሹክታ ይታረቃሉ። ካህናቱ እንኳ የመቋሚያቸውን ጫፍ ስፖንጅ አልብሰውታል።

በየምሰሶው ላይ ተተክለው ድምፅ ለሚያዳምጡት ሣጥኖች የድምፅ ቢሮ ረጅም ስም አውጥቶላቸው ነበር። ሕዝቡ ግን «ጆሮ» አላቸው፤ ቢሮውም ትንሽ ተግደርድሮ ሲያበቃ እሱም ጆሮ ይላቸው ጀመር።

ሰናይት ዘለቀ አሳንሰር ትጠግናለች። በዚህች ከተማ የሚንቋቋ አሳንሰር ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እንጀራዋ አይጎድልም። ባል አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም፤ አባቷን አቶ ዘለቀን ይዛ በአንድ ፎቅ ቤት ትኖራለች። አቶ ዘለቀ ልባቸው ከደከመ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ከመንዝ የመጡ ሰው ናቸው፤ ተኝተውም ቢሆን ትእዛዝ ይሰጣሉ።

«ያቺ ሣጥን በኔ ላይ አፏን እንዳትከፍት» አሏት አንድ ቀን ሾርባቸውን እያጠጣቻቸው።

የትኛዋ ሣጥን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሐዘንተኛ ራሱ ድምፁን ለቆ ማልቀስ ከተወ አንድ ትውልድ አልፏል፤ ለዚያ አልቃሺቱ አለች። አልቃሺቱ ከመቃብሩ ራስጌ የምትቆም ጠባብ ሣጥን ናት። ሟቹ በቤቱ ሲናገር የኖረውን ሁሉ ስለምታውቅ ስሙን ጠርታ፣ ሙያውን አንስታ፣ ልጆቹን በተወለዱበት ተራ ጠቅሳ ሆድ በሚያባባ ዜማ ታወርደዋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። የተፈቀደላት ጊዜ ሲሞላ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ለቀስተኛውም ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

«እኔን የሚሸኘኝ ኤም ዋኑ ነው» አሉ አቶ ዘለቀ። «ሦስት ጊዜ ይጩህልኝና ልሂድ።»

«አባዬ ደግሞ፣ ምን አስቸኮለህ? ገና ትኖራለህ።»

«አትዋሺኝ። ሐኪሙ ሲነግርሽ በሩ ላይ ነበራችሁ። በዚህ ከተማ የሚደበቅ ወሬ አለ እንዴ?»

ሰናይት ማንኪያውን አስቀመጠች። እውነታቸውን ነበር።

ኤም ዋኑ የንጉሡ ዘመን ወታደር ከነበሩት ከአያታቸው የመጣ ጠብመንጃ ነው። እንጨቱ ከመጥቆሩ የተነሳ ብረት መስሏል፣ ብረቱ ደግሞ ከመወልወል ብዛት ብር መስሏል። ሕጉ እንዲህ ያለውን «የቅርስ መሣሪያ» ይለዋል። ባለቤቱ በሚቀበርበት ዕለት ብቻ፣ ወደ አፈር ክምር፣ ሦስት ጥይት እንዲተኮስበት ይፈቅዳል። ነገር ግን ሦስቱም ድምፆች መካከላቸው እኩል መሆን አለበት። ጆሮዎቹ እኩል የሆኑትን ሰላምታ ይሏቸዋል፣ የተዛቡትን ጥቃት። ስለዚህ ጠብመንጃው አንዱን ተኩሶ ሌላውን ራሱ ማጉረስ አለበት፤ በመሀል እጅ ከገባበት ጊዜው ይዛባል። ይህን ለማረጋገጥ ቢሮው ከመሬት በታች ባለው ክፍሉ አስቀድሞ ይፈትነዋል። ሦስት ጊዜ የወደቀ መሣሪያ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ፈተና ዕለት ተቆጣጣሪው ረድኤት የሚባል ወጣት ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው ስፖንጅ። ሰናይት ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ቃታውን ሳበች። አንደኛው ጥይት ጮኸ። ሁለተኛው አልወጣም። ባዶው ቀለህ ወጥቶ ሳይጨርስ መዝጊያው ነክሶት ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ» አለ ረድኤት በትሕትና። «አንድ ብዬ እመዘግባለሁ።»

ቤት ስትገባ አባቷ ፊቷን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ሞላው ነው» አሉ። «ሞላ ያረጃል። ሌላው ዕቃ በኔ እጅ ያለ ነው፣ እንከን የለውም።»

ሞላ ማግኘት አላስቸገረም። ከፎቁ ሥር ያለው የዕቃ ማተሚያ የፈለጉትን ያትማል፤ ለመሣሪያ የሚሆን ነገር ሲሆን ግን አጭር ዕድሜ ይሰጠዋል። ቀኑ ሲደርስ ብረቱ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ሰናይት ሞላውን አሳትማ፣ ቀባብታ ገጠመችና ለሁለተኛው ፈተና ሄደች። አሁንም ያው ሆነ። አንደኛው ጮኸ፣ ቀለሁ ተነከሰ፣ ረድኤት ይቅርታ ጠየቀ።

የቀራት አንድ ነው። ያን ዕለት ጋቢ አንጥፋ ጠብመንጃውን በጠረጴዛው ላይ ፈታታችው፤ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ሰናይት እንደ አሳንሰር አሰበችው። አሳንሰር ፎቁ ጋ ሳይደርስ ከቆመ ወይ የያዘው ነገር አለ፣ ወይ ጉልበት አንሶታል። የያዘው ነገር የለም፤ ሁሉም እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ጥይቱ የቢሮው ነው፣ አዲስ ነው። ሞላው ደግሞ ሥራው መመለስ ነው። ወደ ኋላ የሚገፋው ከጥይቱ ተከትሎ የሚመጣው ትኩስ ጋዝ ነው። ጋዙ ከአፈሙዙ ሥር ባለችው ቱቦ ገብቶ የዘንጉን ጫፍ ይመታል፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ሮጦ ቀለሁን ያወጣል። የዘንጉ ጫፍ ቱቦዋን ጥብቅ አድርጎ መሙላት አለበት።

ጫፉን ወደ ቱቦዋ ሰደደችው። ተወዛወዘ። ጋዙ በዳር በዳሩ እያመለጠ ነበር።

ዘንጉን ወደ መስኮቱ አቀረበችው። ጫፉ ያበራል። ፊቷ ይታይበታል።

«አባዬ፣ ይሄን በምንድን ነው የምትወለውለው?»

አቶ ዘለቀ ደስ አላቸው። ስለ ጠብመንጃው የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ስንት ጊዜያቸው። «በአመድ ነዋ! በተነፋ፣ በደቃቅ አመድ። አባቴም በአመድ ነበር፣ የሱም አባት። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ፊትሽን እስክታዪበት ድረስ። ሰው ‹የዘለቀ ጠብመንጃ› ሲል ሰምተሽ የለ? ዝም ብሎ አይደለም።»

ሰናይት መለኪያዋን አውጥታ ጫፉን ለካችው፤ ከዚያ መለኪያውን ወደ ኪሷ መለሰችው። ከቅድመ አያቷ ጀምሮ እያሳመሩ ጨርሰውታል። በየዓመቱ ተፍቃ የምትሄደው ከፀጉር የቀጠነች ናት፤ ዓመቱ ግን ብዙ ነው። አባቷ ትራሳቸውን ተደግፈው ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ያይዋታል። በጣም አሳዘኗት።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«እና ጥፋቱ?»

«ሞላው ነው። የታተመው ጥሩ አይደለም፣ ሌላ እፈልጋለሁ።»

«አላልኩሽም?» አሉና በኩራት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዘንግ ግን አይታተምም። ማተሚያው ትኩስ ጋዝ የሚችል ብረት እንዳያወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ቢያወጣም ጫፉ ከመጀመሪያው ጥይት ጋር ይቀልጣል። ያለው ምርጫ ከሌላ ኤም ዋን ላይ የተነሣ፣ በዘመኑ የተሠራ ዘንግ ብቻ ነው። ሰናይት የዕድሩን ሽማግሌዎች ጠየቀች። ሁሉም የለንም አሏት፤ አንዳንዶቹ ሲሉ ዓይናቸው ወደ ቁም ሣጥናቸው ሄደ። በመጨረሻ አንዱ ሞላሌ ላይ ጋሽ እንዳሻው የሚባሉ ሰው የሟች ወንድማቸውን ጠብመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅለው እንዳዩ ነገሯት።

በድምፅ አልባው አውቶቡስ ወጣች። ከጣርማ በር ወዲያ ምሰሶዎቹ ይሳሳሉ፣ ሞላሌ ሲደርሱ ከናካቴው የሉም። ንፋሱ እንደፈለገ ይጮኻል። ሰዎቹ ግን እዚያም የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ሰናይት ለምን እንደሆነ አንዷን ባለሱቅ ጠየቀቻት። «ልማድ ነዋ» አለቻት ሴትዮዋ፣ በሹክሹክታ።

ጋሽ እንዳሻው ረጅም፣ ጎባጣ ሽማግሌ ናቸው። የወንድማቸው የይመኑ ጠብመንጃ በእርግጥ ግድግዳው ላይ ነበር። አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ፈሶበታል፣ ሰደፉ ተሰንጥቋል። በቢሮው አነጋገር «ሙት መሣሪያ» ነው። ከሙት መሣሪያ ላይ ዕቃ መንቀልን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ማንም ያስበዋል ብለው አልገመቱም።

«ሦስቴ ወደቀ» አሉ ጋሽ እንዳሻው። «ማቅለጫ ከሚገባ ብዬ እርሳስ እንዲያፈሱበት ለመንኳቸው። ይመኑ በማግስቱ ሞተ።»

«ፈትቼ ልየው ጋሼ?»

«ፍቺው። ግን ምን ታገኚበታለሽ? ይመኑ ሰነፍ ነበር። ዕድሜ ልኩን አንድ ቀን እንኳ አልወለወለውም። እናታችን ስንቴ ተቆጥታዋለች መሰለሽ!»

ላዩ ዝጎ ነበር። መቀባበያው ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ፤ ጠብመንጃው ለምን ሦስቴ እንደወደቀ ያኔ ገባት። ሰናይት ዘይት እያንጠባጠበች፣ እየጠበቀች፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለች ዘንጉን ነጥላ አወጣችው። ከመሀሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ ስሪቱ እንዲያ ስለሆነ ለማቃናት አልሞከረችም። ጫፉ በጥላሸት ተሸፍኗል። በጨርቅ ስታብሰው ከሥሩ ዝገት የማይነካው ዓይነት ብረት ወጣ፤ የደበዘዘ፣ ፊት የማያሳይ። ለካችው። የተሠራ ዕለት የነበረውን ያህል ነው።

ሳቋ አመለጣት። ጋሽ እንዳሻው ምን አገኘሽ አሏት፤ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ያለ ድምፅ።

«ስንፍናው ጠቀመ በይኛ! ይሄን ሳይሰማ!»

ሳቃቸው ሲያልቅ ዘንጉን አገላብጠው አዩት።

«ልስጥሽ። ግን አንድ ነገር አለኝ» አሉ። «ይመኑ ይኖርበት በነበረው በደብረ ብርሃን የተቀበረ ዕለት ያቺ ሣጥን አለቀሰችለት። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን ሳይቀር አንስታ አለቀሰች። ጎበዝ ናት፣ አልወቅሳትም። እኔ ደግሞ እሷ ስትጨርስ አለቅሳለሁ ብዬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ስትጨርስ ሰው ሁሉ ተነሣና ሄደ።» ዘንጉን ዘረጉላት። «ከሦስቱ ጥይት አንዷን ለሱ አድርጊልኝ። ስሙን ጥሪና ተኩሺ። እኔም መጥቼ እሰማለሁ።»

ሰናይት እሺ ከማለት ሌላ ምን ትላለች? እሺ አለች። በመንገዱ ሁሉ ግን ከአባቷ ሦስት ጥይት ላይ አንዱን ሰጥታ መምጣቷ ከነከናት።

በሦስተኛው ፈተና ጠብመንጃው ሦስቱንም እየተፋ እያጎረሰ ጨረሰ። ባዶዎቹ ቀለሆች አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወደቁ። ረድኤት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና ፈቃዱን በስሟ ጻፈላት። «ሦስት ድምፅ፣ ከዚያ አልቃሺቱ ከፈለጉ አልቃሺቱ፣ ካልፈለጉ ጸጥታ» አለ። «ከዚህ ሌላ ድምፅ ከተሰማ መሣሪያው ይወረሳል። ያውቁታል መቼም።»

«አውቃለሁ።»

አባቷ ወሬውን ሲሰሙ ከአልጋቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። የዚያኑ ዕለት ስለ ይመኑ ብትነግራቸው ደስታቸውን ታበላሸዋለች፤ ሳትነግራቸው ቢሞቱ ደግሞ ሌባ ትሆናለች። ነገረቻቸው።

አቶ ዘለቀ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«የኔን ጥይት ለሰው ሰጠሽ» አሉ።

«አባዬ፣ ያለሱ ዘንግ እኮ አንድም አይተኮስም ነበር።»

«ዘንግ? ሞላ ነው ያልሽኝ።»

አባቷ ሞኝ አልነበሩም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው አሮጌ ዘንግ ሄደ፤ እንደ መስተዋት ያበራል። ሲያዩት፣ ሲያዩት ቆዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ትራሱን ስታስተካክል፣ ውኃ ስትሰጥ፣ ስትለምናቸውም አልዞሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካልሲዋን አጥልቃ ስትመጣ እንዳዞሩ ሞተው አገኘቻቸው። ስለ ይመኑ ጥይት እሺም እምቢም አላሉም።

በቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ተገኘ። ሰናይት አልቃሺቱን አልጠራችም። ካህናቱ ፍትሐቱን በለሆሳስ ጨረሱ፣ አፈሩ በላስቲክ አካፋ ገባ። ጋሽ እንዳሻው ከሞላሌ መጥተው ከሁሉም ኋላ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ረድኤት ጥግ ላይ ሆኖ የእጁን ሰሌዳ ያያል።

ሰናይት ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራለች። አባቷ ቢቆጡም መብታቸው ነው። ሽማግሌው ምን ያደርጋሉ? እዚያው ቆመው የወንድማቸው ስም ሳይጠራ ቢቀር ቢሮ ሄደው አይከሱ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ አውቶቡሳቸው ይሄዳሉ እንጂ። እንደዚያ እያሰበች ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ጫነች።

«ዘለቀ!» አለችና ተኮሰች። ከሩቅ ፎቆች ላይ መስኮቶች ተከፈቱ። ጠብመንጃው ቀለሁን ተፍቶ አዲሱን አጎረሰ።

«ዘለቀ!» ሁለተኛው።

ለሦስተኛው የነበራት ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ካዘገየች ይዛባል። አፏ የአባቷን ስም ይዞ ነበር። ከኋላ የቆሙትን ሰውዬ አላየቻቸውም፣ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚጠብቁ አወቀች።

«ይመኑ!»

ተኮሰች። ሦስቱም እኩል ነበሩ። ረድኤት ሰሌዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ተሳክቷል ማለቱ ነው። ሰው ይመኑ ማነው እያለ እርስ በርሱ ተያየ።

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ተነሣ። ሰው መጀመሪያ የተኩሱ ማስተጋባት መሰለው። ጋሽ እንዳሻው ባርኔጣቸውን ጥለው አፈሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ወንድሜ!» ይላሉ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ዜማ የለውም፣ ቤት አይመታም። አልቃሺቱ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እዚያ የቆሙት ወጣቶች ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምተው ስለማያውቁ የታመሙ መሰላቸው። አንዱ «ሐኪም ጥሩ!» አለ።

ረድኤት ወደ ሰናይት ተጠጋ። በጆሮዋ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እባክዎ ዝም ያሰኟቸው» አላት። «እስካሁን ያለውን እንደ ማስተጋባት ልመዝግበው እችላለሁ። ከቀጠሉ ግን መሣሪያው... በእርስዎ ስም ነው ያለው። የአባትዎ ማስታወሻ ነው፣ አይቆጭዎትም?»

በእርግጥ ይቆጫት ነበር። ለዚህ ጠብመንጃ ያልሆነችው ነገር የለም። አሁን ሄዳ የሽማግሌውን ትከሻ መንካት ብቻ ይበቃል፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይተዋሉ። ሄደችና አጠገባቸው ቆመች። ጋሽ እንዳሻው ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው እንባና አፈር ሆኗል። ጠብመንጃውንም ተቆጣጣሪውንም አዩ፣ ገባቸውም። አፋቸውን በእጃቸው ሊይዙ ሲሉ ሰናይት እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉት ጋሼ» አለች። «ያልቅሱ።»

ከዚያ ጥይት የቀረ አለመኖሩን አየችና ኤም ዋኑን ለረድኤት ሰጠችው። ወጣቱ እንደ ሕፃን አቀፈው፤ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። «አመድ እንዳታስነኩት» አለችው።

አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፣ ግን እንዴት እንደሚጀመር አላወቀችም። ዕድሜ ልኳን ስታፍነው ኖራለች። ጋሽ እንዳሻው ልቅሷቸውን ሳያቋርጡ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት፣ ሥራ እንደሚያሳይ ሰው።

«ጥሪው» አሏት። «ስሙን ጥሪው።»

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማም!»

አባቷ ፊታቸውን አዙረውባት ሞቱ። ያንን ዘንግ ጠረጴዛው ላይ ትታ ባታሳያቸው ኖሮ። ወይም አንዴ እንኳ ዞረው ቢቆጧት።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። ድምፁ ከሷ መውጣቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነበር። ደግማ ጠራች። በሦስተኛው ላይ የራሷ መሆኑን ለየችው።